የነካ ወረሰ

በሆቴላችን የትም ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው ሁሉ በላይ የሚከበር አንድ ሕግ አለ፤ የተበላሸን ዕቃ መጀመሪያ የነካ ሰው ዕቃው እስከ ጡረታው የሱ ነው። አንድ የመብራት ክፍል ባልደረባዬ እንግዳ መቀበያው ያለውን የሚያፈስ የዓሣ ገንዳ ሳያስበው ተደገፈ። ይኸው እስከ ዛሬ ዓሣ ይቀልባል። ከዚያ ወዲህ እኛ ቴክኒሻኖች ሁላችን እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ነው የምንሄደው፤ እንግዶቹ ጨዋነት ይመስላቸዋል።

የቴክኒክ ሥራው ሁለት ክፍል ነው። መብራት ክፍልን የሚመራው አለቃዬ ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ እንለዋለን። ውሃ ክፍልን የሚመሩት ደግሞ እትዬ ቧንቧ ናቸው። ልጃቸው እንግዳ መቀበያ ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ማግባት እፈልጋለሁ። ችግሩ እናትየው ናቸው። "ለመብራት ክፍል ሰው እንኳን ልጄን መፍቻዬን አላውስም" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳቸውን ተሸከምኩ፣ ቧንቧዎቻቸውን አደነቅኩ፣ ቀልዳቸው ሳይገባኝ ሳቅኩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዋናው የውሃ ፓምፕ ቆመ።

ሁለቱም ክፍሎች ምድር ቤት ወርደን ከበብነው፤ እጅ ሁሉ ወደ ኋላ። ሞተሩ የመብራት ክፍል፣ ውሃ የሚገፋው ሆዱ የውሃ ክፍል መሆኑን ሕፃን ያውቃል። መሃል ላይ ግን ሁለቱን የምታያይዝ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ያለቀችው እሷ ናት። ማለቋን ሁላችንም አይተናል፤ የማን መሆኗን ግን ፓምፑን የሠራው ፋብሪካም የሚያውቅ አይመስለኝም። አዲሷ ጎማ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ አቧራ ለብሳለች። እሷንም የነካት የለም።

"ሞተር የሚያዞራት የሞተር ናት" አሉ እትዬ ቧንቧ።

"ውሃ የምታስገፋ የውሃ ናት!" ተቃጠለ ፊውዝ።

ስልኩ ጮኸ። ስልኩ ስላልተበላሸ ያለ ስጋት አነሳሁት። ልጅቷ ናት፤ ጩኸቷ ለሁላችንም ይሰማል።

"እባካችሁ! አንድ ሰውዬ ሳሙና እንደተቀባ በፎጣ ወርዶ ፊቴ ቆሟል። አረፋው ኮምፒውተሩ ላይ እየተንጠባጠበ ነው!"

"ኮምፒውተር የኛ አይደለም" አለ ፊውዝ፣ ሳይጠየቅ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አንተ ተናገር። ጎማዋ የማን ናት? አስበህ መልስ፤ ደሞዝ የሚያስቆርጥ መልስ አለ።"

"ተናገር እንጂ፣ ልጄ" አሉ እትዬ ቧንቧ።

ልጄ ብለውኝ አያውቁም። የውሃ ናት ብል ልጅቷ ቀረች፤ የመብራት ናት ብል እንጀራዬ ተዘጋ። ሁለት ዓመት በሁለት ቢላ ስበላ ኖሬ፣ አሁን ሁለቱም አንገቴ ላይ መጡ።

"እንግዲህ ጎማ ማለት..." አልኩ። "ጎማ ስንል እንግዲህ..."

እትዬ ቧንቧ ትዕግሥታቸው አልቆ ወደኔ ሲራመዱ እርጥቡ ወለል አንሸራተታቸው። እጃቸው ፓምፑን ሊይዝ ተዘረጋ። ግን አየር ላይ እንዳሉ ሕጉ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን መልሰው ወደ ኋላ አጣመሩት። ሴትዮዋ መውደቅን መረጡ!

ዘልዬ በአንድ እጄ እሳቸውን ያዝኩ፤ በሌላው ደግሞ፣ አብሬ እንዳልወድቅ፣ ፓምፑን።

"ነካ!" ብሎ ጮኸ ቤቱ በሙሉ። ፊውዝ ራሱን ያዘ።

አንዴ ከነካሁ በኋላ ምን እፈራለሁ? እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ለካ እጅ ተጣምሮ ሲኖር ትከሻ ያማል። "የኔ ነው" አልኩ። "ሞተሩም፣ ሆዱም፣ ጎማዋም የኔ ናቸው። አሁን ዞር በሉልኝ! መፍቻ አምጡ!"

እትዬ ቧንቧ የራሳቸውን መፍቻ አውጥተው ሰጡኝ። ጎማዋን ቀየርኩ። ፓምፑ አጉረመረመና ተነሳ፤ ከላይ ከየፎቁ የእንግዶች እልልታ ተሰማ።

እትዬ ቧንቧ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "በዚህ ሕንፃ ውስጥ 'የኔ ነው' የሚል ወንድ ሳላይ ጡረታ ልወጣ ነበር" አሉ። "ልጄን ውሰዳት።" ፊውዝ እንኳ ንዴቱን ረስቶ ጨበጠኝ። ወዲያው ስለ ሠርግ አዳራሽ መከራከር ጀመርን።

በዚህ መሃል ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ መጣች፤ ሸሚዟ አረፋ በአረፋ ሆኗል።

"እንኳን ደስ አለሽ!" አላት ፊውዝ።

"በምኑ?"

እናትየው እኔን አዩኝ፤ እኔ እናትየውን።

"አልጠየቅካትም እንዴ?" አሉኝ።

"እርስዎ የሚጠይቋት መስሎኝ።"

"እኔ? እኔ ፈቃድ ክፍል ነኝ! ጥያቄው ያንተ ነው!"

"እትዬ፣ ልጅዎ አይደለች እንዴ..."

"ሁለት ዓመት!" አለች ልጅቷ። "ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል ስል፣ ለካ አንተ እናቴን ነው ስታጭ የከረምከው!" ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ቤቱ በሙሉ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኋላ መለሰ። እኔም ልመልስ ምንም አልቀረኝም። ፓምፑን ስነካ እንዲህ አልፈራሁም።

"የኔ ሥራ ነበር" አልኳት፣ ሁለት እጄን ወደሷ ዘርግቼ። "የማንም አይደለም፣ የኔ ነበር። ታገቢኛለሽ?"

እጄን አየችው። እስከ ክርኔ ድረስ ግራሶ ነው።

"መጀመሪያ ታጠብ" አለች። "ውሃ እንደሆነ መጥቷል።"