ካልሲሽን አድርጊ

ነርሷ የላስቲክ ቀበቶውን የነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ ስታጠብቅ፣ አማቷ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኧረ ቀስ! ሰው እኮ ነው የምታስሪው!»

«አያምም፣ እማማ። የልጁን የልብ ምት ለመስማት ነው» አለች ነርሷ እየሳቀች።

ምራት በልቧ «ጀመሩ ደግሞ» አለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ ወዲያ ቶሎ አይመለስም። ቤት የሚቀሩት እሷ፣ አማቷና የአማቷ አፍ ናቸው። ብይ፣ ተኚ፣ ተነሺ፣ ከባድ አታንሺ፣ ካልሲሽን አድርጊ። እህቷማ «ሬዲዮኗ» የሚል ስም አውጥታላቸዋለች። ሬዲዮስ ደግ ነው፣ ይዘጋል።

ማዋለጃ ክፍል ከወላዷ ጋር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ለእህቷ ቃል ገብታለች። አማቷ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ለዚያ ቀን የሚለብሱትን ቀሚስ ተኩሰው ሰቅለዋል። ዛሬ ከዚህ ሲወጡ ልትነግራቸው ቆርጣለች፤ ስታስበው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅ ይላታል።

ስክሪኑ ፊት የተቀመጠችው ዶክተር የምታጠናው፣ በማህፀን ያለ ልጅ የለመደውን ድምፅ ሲሰማ የልብ ምቱ ይለወጥ እንደሆነ፣ የእናቱስ አብሮ ይለወጥ እንደሆነ ነው። አማቷን ያስጠራቸውም ይኸው ነው፤ አብሯት የሚኖር ሰው ይምጣ ተብሎ።

መጀመሪያ የማይታወቅ ሰው ንባብ በድምፅ ማጉያ ተሰማ። ስክሪኑ ላይ የእናትና የልጁን የልብ ምት የሚያሳዩት መስመሮች እንደነበሩ ቀጠሉ። ከዚያ ተራው የአማቷ ሆነ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስለ ዝናብና ስለ ደመና የተጻፈውን ወረቀት እንደ ዜና አንባቢ አነበነቡት። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። አሁንም ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

«አላወቀኝም?» አሉ ቀና ብለው።

«ያጋጥማል፣ እማማ። ምንም ማለት አይደለም።»

«አይ፣ ግድ የለም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። ጠርገው ጠርገው አልጨርስ ሲሉ የምራታቸውን አንጀት በሉት። ይሄኔ ዓይናቸው እግሯ ላይ አረፈ።

«አንቺ! ካልሲሽስ? ኧረ በሕግ አምላክ! ጠዋት ስንቴ ነገርኩሽ? እግርሽ እኮ በረዶ ሆኗል!» ሹራባቸውን አውልቀው እግሯን ጠቀለሉት፤ በመዳፋቸውም ያሹት ጀመር። «ነገ ወገቤን በይኝና ጉድሽን ታያለሽ! የኔ ነገር አይሰማ!»

«እማማ፣ እንዳያቆሙ!» አለች ዶክተሯ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች።

«ምኑን?»

«ቁጣውን! ይቀጥሉ!»

«ቁጣ መች ቸገረኝ!» አሉና ቀጠሉ።

ልጁ አንዴ ተገላበጠ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ሲጋልብ የነበረው የልቡ ምት ቀስ እያለ ሲረጋ በማጉያው ተሰማ።

«የሚያዳምጥ ይመስላል» አለች ዶክተሯ። «በአንድ ልጅ እንዲህ ነው ብዬ አልደመድምም። ግን ይሄን ደግሞ እዪው።» ጣቷን ወደ ታችኛው መስመር ሰደደች። «ይሄ ያንቺ ነው። ከገባሽ ጀምሮ ልብሽ ሲሮጥ ነበር፤ አሁን ግን አርፏል።»

«የኔ?»

«ያንቺ።»

አማቷ የመስመሩ ነገር አልገባቸውም። እግሯን እንደያዙ «ደህና ናቸው ወይ? ሁለቱም?» ብቻ አሉ።

ምራት እንባዋ መጣ። ጆሮዬን አደነቆሩት እያለች ስታማቸው ከርማ፣ ለካ ልቧ በሳቸው ድምፅ ሲያርፍ ኖሯል። አፈረች፤ ደስም አላት።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጠራ። እህቷ ናት።

«እሺ፣ ለሬዲዮኗ ነገርሻት?»

አማቷ ቦርሳዋን በትከሻቸው አንግተው፣ ሹራባቸውን በክንዳቸው ይዘው ከፊቷ ይሄዳሉ። ወለሉን የሚወለውለውን ሰውዬ «እዚህ ጋ ውሃ አለ፣ ነፍሰ ጡር ይዣለሁ!» እያሉ ይቆጡታል።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «የሚገቡት እሳቸው ናቸው።»

«አበድሽ? እዚያም ገብተው ሲጮኹብሽ ሊውሉ?»

«አዎ» አለች። «እዚያም ይጩኹብኝ።»