የሮሆቦት አልበምና ቢጫው ሹራብ

«ልጅሽ ያወጣችው አልበም መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?»

የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ሰብሳቢ ጋሽ ተፈራ ይህን የጠየቁት የሮሆቦትን እናት ደስታነሽን ነበር። አልበሙ ቱላ ሰፈር ባለው ቤቷ ወር ሙሉ ሲደመጥ ከርሟል። እሷ ግን ሽንኩርት እየከተፈች የሰማችው ጊታሩን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ «ጉሮሮዋን እንዳያማት» እያለች ስትጨነቅ አሳልፋዋለች።

«ትከሻ ያነቃንቃል እየተባለ ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ዘፈን ከሆነ ሮሆቦት የመዝሙር ጋዎኗን መልሳ ከመዘምራኑ ትወጣለች። አድምጪውና እሑድ ንገሪን።»

ሮሆቦት ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ዘማሪት ናት። ደስታነሽ ያንን ጋዎን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትተኩስ ቀርታ አታውቅም። ልጇን ብትጠይቃት፣ ሮሆቦት ፊቷን አዙራ «አንቺው ስሚው፣ እማዬ» አለቻት።

ስለዚህ የጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን አወጣች። መምህሯ ሶልያና «መጀመሪያ ማን፣ ለማን፣ ምን እንዳለ ፈልጊ» ብላ አስተምራታለች። ደስታነሽ ስልኩን ከፍታ ትሰማለች፣ ታቆማለች፣ ትጽፋለች። አንዱን ስንኝ ጽፋ እስክትጨርስ ምስር ይበስላል።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ደወለች፣ ስወርድ ደወለች፣ በሩን ሳንኳኳም ደወለች።»

«ወይ ጉድ! ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ነዝናዛ ናት?» አለች ደስታነሽ። ልጇ አሳዘነቻት።

በሁለተኛው ላይ ሴትዮዋ ልምምድ ቦታ ድረስ መጥታ ከበሮ መቺውን «የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«ደግ አደረገች» አለች ደስታነሽ። እሷም አንድ ቀን ልጁን ይህንኑ ጠይቃዋለች።

ሦስተኛው ደረሰ። «ፀሐይ አስፋልቱን ሲያቀልጠው ሹራብ ይዛ ተከተለችኝ።»

እርሳሷ ቆመ። ቀና ስትል ከበሩ ጀርባ፣ ምስማሩ ላይ፣ በእጇ የሠራችው ቢጫ ሹራብ ተንጠልጥሏል።

እሑድ ጋሽ ተፈራና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ፣ በጣቷ እየተከተለች የዘጠኙን ግጥም አነበበች። በሰው ፊት ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዷ ወይዘሮ አበበች ገና በባጃጁ ላይ ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነበር፤ ሹራቡ ጋ ስትደርስ ከታፈነው ሳቅ የተነሳ እንባቸው መጣ። ከኋላ የተቀመጠችው ሮሆቦት አንገቷን ደፍታለች።

«አልበሙ አሥር ነው የሚለው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «አሥረኛውስ?»

አሥረኛው ያለበትን ገጽ ደስታነሽ አጥፋዋለች።

«እሱ... እሱ እንኳን አጭር ነው።»

«የወንድ ነገር አለበት?»

ባታነበው ጋዎኑ ሊሄድ ነው። ገጹን ዘረጋችው።

«ሐይቅ ዳር አንዲት ክፍል አየሁ፣ መስኮቷ ወደ ውኃው። እንዴት ብዬ ልንገራት? ማን ይደውልላታል ስሄድ?»

አንብባ ስትጨርስ ደብተሩን ዘጋች።

«ታዲያ መዝሙር ነው ዘፈን?» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ አሁን ድምፃቸውን ቀንሰው።

«ክስ ነው፣ ጋሼ። ተከሳሿ እኔ ነኝ። እኔን በመክሰሷ ጋዎን የምትመልስ ከሆነ፣ ይኸው እመሰክርላታለሁ፣ ሁሉም እውነት ነው።»

ወይዘሮ አበበች አላስቻላቸውም፤ ሳቁ። ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ጋዎኗ ይቆይላት» አሉ። «አንቺ ግን መደወሉን ቀነስ አድርጊ።»

በወሩ ሮሆቦት ጋዎኗን ይዛ ሐይቅ ዳር ወደተከራየቻት ክፍል ሄደች። ደስታነሽ ሳትከተላት ቱላ ቀረች፤ ሹራቡም ምስማሩ ላይ።