ፊት የሚያሳየው ትራምፔት

ታይሚ የደነገጠችው ከትራምፔቱ አፍ ውስጥ የገዛ ፊቷ ሲያፈጥባት ነው። የሟች ባሏ የሴቬሪ ትራምፔት ፊት አሳይቶ አያውቅም፤ ጠቁሮና ተሰርጉዶ ግድግዳው ላይ ኖሯል። ከእህቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ስንቴ በሥሩ አልፋ አለማየቷ አንገበገባት። አሁን ልጇ ያርኖ ለነገው የአባቱ መታሰቢያ ከሄልሲንኪ ደርሶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በእጁ ይዞታል።

«ማነው የነካው?»

መልሱ ሳያንኳኳ ገባ። የሴቬሪ ታናሽ ወንድም ካውኮ ነው።

«እንዴት ነው? ስርጉዱን አስወጣሁት፤ አስወልውዬ ቫርኒሽ አስቀባሁት። ነገ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዚያ ቆሻሻ ነፍተህ ወንድሜን ልታዋርደው ነበር?»

ያርኖ አንዴ ነፋው። እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ሴቬሪ በመንደሩ እሳት አጥፊዎች ባንድ ውስጥ ሲነፋ፣ የእህል አቧራ የበላው ሳንባው ከድምፁ ቀድሞ ይተነፍስ ነበር። ያርኖ የወረሰው ያንን ትንፋሽ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ ጃዝ ሲነፋ የሚወዱለት ሰዎች የጭጋግ ዜማ ይሉታል፤ እሷ ግን የማን ደረት እንደሆነ ታውቃለች። አሮጌው ትራምፔት ደግሞ የሴቬሪን ትንፋሽ ይዞት ቆይቶ ነበር።

«ሰማህ ልጄ?» አለ ካውኮ። «አሁን ገና መሣሪያ ሆነ! ያ ሲር ሲር ማለቱ ቀረ። ስንት ዓመት ባንዱ ውስጥ ከአባትህ ጎን ቆሜ አፍሬበታለሁ።»

ታይሚ ከወንበሯ ተነሳች።

«እየታፈነ ሲነፋ አፈርክበት? ደግሞስ እኔ በሌለሁበት ማን ግባ አለህ?»

«በሩ ክፍት ነበራ!»

«መጥረጊያው በሩ ላይ ተደግፎ ነበር! ሰው የለም ማለት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል።»

«መጥረጊያ ቁልፍ ነው እንዴ ታይሚ?»

«ለሌባ እንኳ ቁልፍ ሆኖ ኖሯል። እንጨት የሆነው ላንተ ብቻ ነው!»

ካውኮ ወደ ያርኖ ዞረ። «እናትህን ተይ በላት እንጂ።»

«አጎቴ፣ ውጣ።»

ካውኮ በሩን አላትሞት ወጣ። ታይሚ የፈራችውን ጠበቀች፤ ልጇ ቦርሳውን አንስቶ የማታውን ባቡር ይይዛል፣ ዳግመኛም አይመጣም። ከጫማው ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ያርኖ የተወለወለውን ትራምፔት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰቀለው።

«ነገ በራሴ ትራምፔት እነፋለሁ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «አባዬን ከኔ ደረት ይሰሙታል። አጎቴም ፊት ለፊቴ ይቀመጥና ይፈርበት።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

ታይሚ ወጥታ መጥረጊያውን አስገባች። ሙሽራ ሆና ስትገባ የተሰጣትን ቁልፍ ከመሳቢያው ሥር ፈልጋ አገኘችው። አንድም ቀን ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም፤ አልዞር አለ። እየረገመች በሁለት እጇ ታገለችው፤ በሩም ተቆለፈ።