የእንቦጭ ጥንስስ

የባጃጁ ድምፅ ከሹም አቦ ሰፈር ቅያስ ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ ፀሐይወርቅ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ባሏ ክንዱ፣ ሁለት ልጆቿና ሰኞ ዕለት ከወረታ የመጡት አማቷ እቴቴ ይመኙሻል ከከተማው ዳር ወዳለችው ሰባታሚት ለዘመድ ልጅ ክርስትና መሄዳቸው ነው። እሷን ራሷን አሟታል። እንዳላመማት ከአማቷ በቀር የማያውቅ የለም። ትንሿ ልጇ ሊድያ ስትወጣ ጆሮዋ ላይ ተጠግታ፣ «እማ፣ ወረቀትሽ ይማርሽ» ብላት ነው የሄደችው።

አሥር ሰዓት ሆኗል። የሚመለሱት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከወለደች አሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን፣ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ያመሸችባቸውን ቀኖች በአንድ እጇ ጣቶች ትቆጥራቸዋለች፤ ከእነዚያም ሁለቱን በልብስ አጠባ አሳልፋቸዋለች። ዛሬ ግን የልብስ ክምሩን ዞር ብላም አላየችው። በሩን ቀረቀረች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ወጥ ቤት ገባች።

ምሽቱ የመዝናኛ ብቻ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ግን ውርርድ አለበት። ባለፈው እሑድ ክንዱ ውሃ ሊቀዳ ገብቶ በሰማያዊው ባልዲ ተደናቀፈና ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጠበ።

«ፀሐይ፣ ሰባት ጊዜ ሞከርሽ፤ ሰባት ጊዜ ዝም አልሁ። ስምንተኛው ካልሆነ ባልዲውም ሳፋውም ከዚህ ቤት ይውጣልኝ።»

«ከሆነስ?»

«ከሆነማ አፌን እዘጋለሁ።»

ልጆቹ እያዩ እጅ ለእጅ ተማቱ። ክንዱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ጠባብ ነው፤ እውነቱን ነው። ከባልዲው ወዲያ ግን ቤቱ ውስጥ ለእሷ ብቻ የሆነ ሌላ ነገር አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቷ ሠራተኞቹን በመኪና ጭኖ ጣና ዳር አራገፋቸው። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ ያንን ባሕሩን ያለበሰ አረንጓዴ ጉድ ስትነቅል አንዱ ግንድ እጇ ላይ ተሰበረ። ተሰበረ እንጂ አልተለያየም። ከሁለቱ ስባሪዎች መካከል ከሸረሪት ድር የቀጠኑ ነጫጭ ክሮች ተወጥረው ቀሩ። ፀሐይወርቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ክር እስኪበጠስ መጎተትና በስንት ኃይል እንደተበጠሰ መመዝገብ ነው። ክር ታውቃለች። ይህን ግን ማንም አልፈተለውም። ውሃ ውስጥ፣ ሁሉም እየረገመው፣ ራሱን ፈትሎ ተቀምጧል።

«ምን አገኘሽ?» አለቻት አጠገቧ የነበረችው የሥራ ባልደረባዋ መሲ።

«ክር።»

«አይ አንቺ! እኛ ከክር ሸሽተን ነው እዚህ ጭቃ ውስጥ የቆምነው።»

ፀሐይወርቅ ያን ቀን ግማሽ ማዳበሪያ እንቦጭ ተሸክማ ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ ክሩን ወረቀት ላድርገው ብላ የሞከረችው የመጀመሪያው ሸተተ። ሁለተኛው ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። አራተኛው እንደ ክረምት ማግሥት ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ስድስተኛውን ሊድያ ያልበሰለ ቂጣ ብላዋለች። ለስምንተኛው ግንዱን ቆራርጣ በአመድ ውሃ ቀቅላ፣ አጥባ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ ባልዲው ውስጥ ከድና ሳምንት ሙሉ አስቀምጣዋለች።

ወጥ ቤቱን አሰናድታ ስትጨርስ የባልዲውን ክዳን ከፈተች። ከላይ ቡናማ አረፋ ደፍቷል። ጎንበስ ብላ አሸተተችና ቀና አለች። ጠላ ጠላ ይላል።

ስልኳን አነሳች።

«እቴቴ፣ ደህና ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ራስሽን ተሻለሽ?»

«ተሽሎኛል። እቴቴ፣ ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ! ረቡዕ ለት ከፍቼ ባየው ጥንስስሽ ሞቶ ተቀምጧል። ጌሾ የሚባል አልነካውም። እንዴት ያለ ባለሙያ ነው ብዬ ሁለት እፍኝ ጌሾ ጨመርሁበት፤ ብቅልም ነሰነስሁበት። ፈላልሽ አይደል?»

«ፈልቷል። ግን ጥንስስ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ወረቀት ነው።»

ከኋላቸው የክርስትናው ቤት ጫጫታ ይሰማል።

«ወረቀት ትጠምቂያለሽ?»

«ከእንቦጭ ነው የምሠራው።»

«ከየትኛው እንቦጭ? ከዚያ ባሕሩን ከበላው? ወይ እመቤቴ! የወንድሜን የሩዝ ማሳ የዋጠውን አረም በእጄ ብቅል አጎረስሁት በይኛ!»

ከሩቅ የክንዱ ሳቅ ተሰማ። «ስምንተኛው ሰክሯል በሏት!»

ፀሐይወርቅ ስልኩን ዘግታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እንደገና ልጀምር ብትል ሳምንት ይፈጃል፤ የተወራረደችው ደግሞ በስምንተኛው ነው። ልድፋው ብላ ባልዲውን ጎተተችው። ከመድፋቷ በፊት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጇን ከተተችና አንድ እፍኝ አወጣች።

እስከ ዛሬ እንደ ረጠበ ጥጥ ይጓጉል የነበረው ነገር በጣቶቿ መካከል ተበትኖ ወረደ። ብቅሉ ማፍላቱን አፋጥኖት፣ የፈላው ደግሞ ክሮቹን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ በልቶት ይሆናል። በሰባቱም ሙከራ ያልገባትን ነገር እቴቴ በሁለት እፍኝ ጨርሰውታል፤ ያውም በስህተት።

ደጋግማ አጠበችው። ሳፋውን በንጹሕ ውሃ ሞላችና በተነችው። ማጥለያዋን አወረደች፤ የሠርጋቸው ፎቶ የነበረበት ፍሬም ነው፣ አሮጌ አጎበር ወጥራበታለች። ፎቶው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክንዱ እስካሁን አልጠየቀም። ፍሬሙን አዘንብላ ውሃው ውስጥ አስገባችና ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችው። ውሃው በአጎበሩ ቀዳዳዎች ተንቆርቁሮ ወረደ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ነቀነቀችው። ክሮቹ ዓይኗ እያየ ተኙ። አንዱ በሌላው ላይ ተጋደመ፣ የጎደለውን ሌላው ሞላው፤ በሥራዋ ለዓመታት ስትጎትተው የኖረችው ክር ሁሉ በሰልፍ የሄደ ነበር፣ ይህ ግን ማንም ሳያሰልፈው ቦታ ቦታውን ያዘ። እሷ ያደረገችው ነገር ቢኖር ውሃውን ማውጣት ብቻ ነው።

ፍሬሙን አቡጀዲ ላይ ገልብጣ ጀርባውን በስፖንጅ ተጫነችው። ከሰባቱ አንዱም ከዚህ በደህና አልወጣም። ትንፋሿን ይዛ በአንድ ጥግ አነሳችው። አጎበሩ ባዶውን መጣ። ወረቀቱ አቡጀዲው ላይ ቀረ፣ ሙሉውን።

በሌላ ጨርቅ ሸፍና ካውያውን ዝቅ ባለ ሙቀት ደጋግማ አሳለፈችበት። እንፋሎቱ የጌሾ ሽታ ነበረው። ሲደርቅ በጥፍሯ ጠርዙን ቀረፈችው፤ ሽር ብሎ ተነሳ። ይዛው መስኮቱ ጋ ሄደች።

ጀምበር ልትጠልቅ ስለነበር ብርሃኑ አግድም ነው የገባው፤ በወረቀቱም ውስጥ አልፎ ፊቷ ላይ አረፈ። መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። በውስጡ ክሮቹ ወደፈለጉበት ሲሄዱ ይታያሉ፣ የጌሾው ቅጠል ስብርባሪ እዚህም እዚያም ጠቁሮ፣ አንዲት የብቅል ገለባ መሃል ላይ እንደ ወርቅ እየበራች። ሁለት ጊዜ ገልብጣ አየችው። የሠራችው እሷ ናት፤ ግን እንዲህ ይሆናል ብላ ያሰበችው አንድም ነገር የለበትም።

ከዚያ የላቦራቶሪ ልማዷ አላስችል አላት። በሁለት ጠርዙ ይዛ ጎተተችው። ልክ አይደለም፣ አንድ ብቻ ነው ያለሽ፣ እያለች ጎተተችው። ጠበቅ አድርጋ ጎተተችው። ከትከሻዋ ኃይል ጨምራ ጎተተችው።

አልተበጠሰም።

ፀሐይወርቅ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች።

ባጃጁ ሲመለስ አሥራ አንድ ወረቀት ሆኗል፤ ሶፋው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ የቴሌቪዥኑ ጫፍ ላይ። መጀመሪያ የገቡት እቴቴ ናቸው፤ ከሰባታሚት ጀምሮ ያዘጋጁትን ቁጣ ይዘው አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ሶፋው ላይ አረፈ። ቁጣው ቀረ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው አንዱን አነሱ፣ አሸተቱት፣ ጉንጫቸው ላይ አስነኩት።

«እዚያ አረም ውስጥ ይኼ ነበረ?»

«ነበረ፣ እቴቴ።»

«እኛ ስንረግመው?»

«አዎ።»

እቴቴ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አንስተው ብዙ ቆዩ። «ጌሾዬ ይኼውና» አሉ በመጨረሻ፣ በጣታቸው እያሳዩ።

ሊድያ እናቷ ሥር ተሸጎጠች። «ምን ልትጽፊበት ነው?»

«እንጃ። ገና አይቼው አልጠገብሁም።»

ክንዱ አንዱን አንስቶ ጎተት አደረገው፤ ደገመው። ሚስቱን አየት አደረጋትና እንደ ቃሉ አፉን ዘግቶ ውሃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገባ። ግማሽ ያህሉ ገና የቀረው ባልዲ መንገዱን እንደዘጋ ነው። ወደ ጥግ ሊያስጠጋው እጀታውን ሲይዝ እቴቴ ከሳሎን ጮኹበት፦

«አንተ! ተው፣ አትነቅንቀው! ጥንስስ ነው እኮ!»