የብረቱ በር ሰርግ

ዑበይድ ከሰፈራችን ወደ ጊደር መጋላ ገበያ በሚያወጣው መተላለፊያ ላይ የብረት በር ገጠመበት። ግራና ቀኙን ቤት ለሆቴል ስለገዛ መሃሉንም የገዛ መስሎታል። አቤት ብንል የሰማን የለም። አክስቴ ሰዐዲያ ጉልበታቸውን እያሻሹ በፈላና በር ዞረው ገበያ ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኔ አማል ሠዓሊ ነኝ። የሁላችን የነበረ ነገር እንዴት የአንድ ሰው እንደሚሆን የሚጠይቅ ሥራ ነው የምሠራው። እኛ ጀጎል ውስጥ ሴት ስትዳር የአፎቻ ሴቶች፣ ማለት የሰፈሩ ማኅበርተኞች፣ ከየግድግዳቸው የስንደዶ ስፌት አውርደው የሙሽራዋን ቤት ያስጌጡላታል። እኔም ለመንኳቸው። በሩን ከላይ እስከ ታች በስፌት ሸፈንነው፤ ግርጌው ላይ «የማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

ቱሪስቱ ፎቶ ለማንሳት ተጋፋ። ዑበይድ ሊያስነቅለው እየፎከረ መጣ፤ ሰዉን ሲያይ ግን ፊቱ በራ።

«ማሻአላህ! አማል፣ ዋጋሽን ጥሪ። ለሆቴሌ ድምቀት ነው።»

እሱኑ የሚሰድበውን ሥራ ሊገዛ! ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ።

«አይሸጥም። የኔ ብቻ አይደለም።»

«በሩ የኔ ነው፤ በሬ ላይ ያለውም የኔ ነው። ወላሂ፣ አንዱም አይወርድም!»

ጀጎል ተወልዶ አድጎ ይህን ማለቱ ገረመኝ። አክስቴ ሻሻቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉት።

«ስፌቱ አይወርድም ብለህ ማልክ?»

«አዎ፣ ማልኩ።»

«አልሐምዱሊላህ። የአፎቻ ስፌት የተሰቀለበት ቤት የሰርግ ቤት ነው፣ ልጄ። እናትህ ሲዳሩ የሰቀልኩላቸው እኔ ነኝ። የሰርግ ቤት በር በጎረቤት ላይ ሲዘጋ አይተሃል?»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የቱሪስቱ ስልክ ሁሉ ወደ ዑበይድ ዞረ። መሐላውን ማፍረስ ፈራ፣ እናቱንም በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነለትም፤ እየተነጫነጨ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። አክስቴ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ቀድመው አለፉ፤ እኛም ተከተልን።

አሁንም ባገኘን ቁጥር «ስፌታችሁን መቼ ነው የምታወርዱት?» ይለናል።

«ሰርጉ ሲያልቅ» እንለዋለን፤ እናልፋለን።