ሳትሞቅ ንቅንቅ የለም

ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና የግቢው በር ላይ ቀጥ አለ።

«ይኸው! አላልኳችሁም?» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ መሪውን በመዳፉ እየጠፈጠፈ። «መኪና አትበሏት፤ ቁርጥራጭ ብረት ናት። ገዢ አለኝ፣ እንገላገላት።»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ የሰነበተችው የሟች ባለቤት ያን ጊዜ ንድድ አላት።

«አሞቅካት?» አለችው።

«ምኑን?»

«መኪናዋን ነዋ!»

«እትዬ ደግሞ፣ ሾርባ መሰለችሽ እንዴ?»

አንዳንዱ ሳቁን በመሐረቡ አፈነ። እሷ አልሳቀችም። የባሏን መኪና በዚያ ብርድ ቀስቅሶ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይሰጥ ሊያስጋልባት የሞከረውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠችው።

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ «ቆይማ» ነበር የሚለው። የማይቸኩል ባለታክሲ የት ይገኛል? እሱ ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ሞተሩን ያስነሳል፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞቅ ድረስ ንቅንቅ የለም። ደንበኛው «ኧረ ረፈደብኝ!» ብሎ ቢቁነጠነጥ፣ «ቆይማ፤ አንተስ ከአልጋህ እንደወረድክ ትሮጣለህ? ዘይቱ ይድረሳት» ይለዋል።

«እኔን አትጠይቁኝም?» አለች ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ፣ ሻይዋን አስቀምጣ። የመኝታ ቤቷ መስኮት ልክ መኪናዋ የምታድርበት አጥር ላይ ስለሆነ፣ ስንቱን ጠዋት ስትረግመው ኖራለች። «የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ምጥ ይዞኝ እየጮህኩ ቆይማ አለኝ እኮ! ባሌ ተናዶ የጓደኛውን መኪና ሊያመጣ ሮጠ። እኛ በኋላ ተነስተን ዳገቱን ስንወጣ፣ ባሌና ጓደኛው መሃል ዳገት ላይ የቆመች መኪና ይገፋሉ። ምጡን ረስቼ ሳቅኩ! ነፍሱን ይማረው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሎን አያውቅም።»

ባለቤቱ ቀና አለች። ኩራት ነው ቀና ያደረጋት። ሆኖም ልብስ ሰፊዋም የማታውቀው ነገር ነበር። ቆይማ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ በሌላውም የሞተሩን ድምፅ በደንብ አይለይም። የምትለየው እሷ ነበረች። ኩሽና ሆና ታዳምጥና፣ ጉርምርምታው ለስለስ ሲል ወጥታ ኮፈኑን በጣቷ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች። «በሰላም ግባ» ትለዋለች። እሱም ያኔ ነው ማርሽ የሚያስገባው።

«ደግሞስ ማን ሊነዳት ነው?» አለ ወንድምየው።

«እኔ» አለች የሟች ልጅ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች። አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ሻጭ ናት። «መንዳት ያስተማረኝ አባባ ነው። በሷው ነው የተማርኩት።»

«አንቺ? ታክሲ?»

«ምን አለበት፣ አጎቴ?»

ወንድምየው ወደ እናትየው ዞረ። «እሺ፣ ነገ ጠዋት ዳገቱን ታውጣት። እኔም ኋላ እቀመጣለሁ። ከወጣች አፌን እዘጋለሁ፤ ካልወጣች ገዢውን አመጣለሁ።»

«ተስማምተናል» አለች እናት። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ፣ መኪናዋ ከተሸጠች ባሏ ሁለተኛ የሞተ ያህል ነው የተሰማት።

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የልብስ ሰፊዋ መስኮት ብርግድ አለ። «ኧረ ቆይማ፣ አስተኛን በናትህ!» ብላ ጮኸችና፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ እዚያው መስኮቱ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«በቃ ሂጂ እንጂ!» አለ ወንድምየው ከኋላ፣ እጁን እያፋተገ።

«ቆይማ» አለች ልጅቱ።

ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀስ በቀስ ለስለስ አለ። እናት ከኩሽናው በር ላይ ታዳምጣለች። ሞቃለች እኮ! ምን ትጠብቃለች ይቺ ልጅ? ማርሽ ማስገባቱን ዘነጋችው እንዴ?

ቀረብ ስትል የልጇ ዓይን በመስታወቱ በኩል እሷ ላይ እንደተተከለ አየች። እጆቿ መሪው ላይ ናቸው፤ ማርሹን አልነካችውም። ለካስ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁሉንም ስታይ ኖራለች።

እናት ሻርፗን አጥብቃ ወደ መኪናዋ ሄደች። ኮፈኑን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

«በሰላም ግቢ።»

መኪናዋ ወጣች። እናት መሃል መንገድ ላይ ቆማ ድምፁን ተከተለች። ዳገቱ ሥር ደረሰ፤ መሃሉ ላይ ወፈረ፤ ሳይቆራረጥ ጫፉ ላይ ወጣ። ከዚያ የመኪናዋ ጡሩምባ አንዴ ተሰማ።

«የማን ልጅ መሰለቻችሁ!» አለች ወደ ልብስ ሰፊዋ መስኮት ቀና ብላ፣ እንባዋ እየወረደ።

ኮፈኑን ያንኳኳችበት እጇ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር። ሳይበርድባት ጨበጥ አድርጋ ሻርፗ ውስጥ ከተተችው።