የድብ ጥፍር መሣሪያ ነው?

ሶፋ ሠሪው ዋሸ። የዋሸው ደግሞ የገዛ እህቱን ነው፣ ያውም የመጨረሻ ጨዋታዋ በሆነ ቀን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሲዘጋ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ይጸዳል፣ ስፖንጁ ወደ ጥግ ይገፋል፣ አራት ሰው ለምናብ ጨዋታ ይቀመጣል። ሶፋ ሠሪው ዳኛ ነው፤ ዋሻውንም፣ ዝናቡንም፣ ጭራቁንም እየተረከ የሚያመጣው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው፣ ባለቁጥሩን ጠጠር፣ ዳይሱን፣ እየወረወሩ ይዋጋሉ። በጨዋታው ፋርማሲስቷ ጠንቋይ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ባለሰይፍ ነው፣ ምላሱ ግን ከሰይፉ ይብሳል። ታናሽ እህቱ ሚጡ ደግሞ ስትፈልግ ድብ የምትሆን ሴት ናት። መሣሪያ አትይዝም፤ ያላት ጥፍርና ጥርስ ብቻ ነው። ያቺን ድብ ለዓመታት ከአንዱ ጦርነት ወደ ሌላው እያሻገረች አሳድጋታለች።

በዚህ ጠረጴዛ አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፤ ውጊያ ከተጀመረ የጨዋታው መጽሐፍ አይገለጥም። ዳኛው ያለው አለቀ። አለበለዚያማ እነዚህ ሰዎች ስለ ገመድ ርዝመት ሲከራከሩ የሚያመሹ ናቸው።

ያን ቀን የገጠማቸው ቆዳው ድንጋይ የሆነ ጭራቅ ነበር። ተራ ምት አይበሳውም። ፋርማሲስቷ የነካችውን መሣሪያ በእሳት የምትስልበት ድግምት ነበራት፤ ሰይፉ ግን ከፀጉር አስተካካዩ እጅ አምልጦ ገደል ገብቷል። የቀረችው ድቧ ናት።

«ድግምቱን ጥፍሬ ላይ አድርጊልኝ» አለች ሚጡ።

ሁሉም ወደ ዳኛው ዞሩ።

ሶፋ ሠሪው መልሱን አሳምሮ ያውቀዋል። ጠዋት መርፌውን አስቀምጦ ያነበበው ገጽ ነው። የአውሬ ጥፍርና ጥርስ ለድግምት ሲባል እንደ መሣሪያ ይቆጠራል ይላል፣ ቁልጭ አድርጎ። ግን ትናንት ሚጡ መጥታ ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቷንና ዛሬ ከጨዋታው በኋላ እንደምትሄድ ነግራዋለች። ወላጆቻቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እሷ ግን ሁሉን ጨርሳ መጣች፣ ሳታማክረው! ነገሩ ከትናንት ጀምሮ አስቀይሞታል።

«አይሆንም» አለ። «ድግምቱ ለመሣሪያ ነው። ጥፍር አካል ነው።»

«ኧረ ባክህ!» ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለ። «የአማቴ ድመት ታዲያ ፊቴን በምን አረሰችው? በማረሻ?»

«ተው እንጂ አንተ ደግሞ» አለች ሚጡ። «ጋሼ አይሆንም ካለ አይሆንም። ጋሼ በጨዋታ አያጭበረብርም።»

የሶፋ ሠሪው ጆሮ ጋለ። ተሳስቻለሁ ማለት ይችል ነበር፣ አንዲት ቃል ናት። አላላትም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ትልቁን ሶፋ ብቻውን የሚሸከም ሰው አንዲት ቃል ትከብደዋለች።

ድቧ ባዶ ጥፍሯን ይዛ ገባች። ሚጡ ዳይሱን ጥሩ ወረወረች፣ እንዲያውም ከሁሉም የተሻለ፣ ግን ድንጋይ ላይ ምን ሊያደርግ! ጭራቁ ረገጣት። ሞቷን የመተረክ ሥራም የዳኛው ነው፤ ሲተርክ ድምፁ ተቆራረጠ። ሰዎቹ ለድቧ ያዘነ መሰላቸው። ፋርማሲስቷ ጭራሽ «አንጀት ትበላለህ» አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሚጡ አላለቀሰችም። ሁሉንም አቅፋ ተሰናበተች፣ እሱንም ጉንጩን ሳመችው፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ሶፋ ሠሪው መቀሱን አንስቶ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። ከዚያ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ተከትሏት ሮጠ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረሰባት።

«ሚጡ፣ ዋሽቼሻለሁ» አላት እያለከለከ። «ጥፍር መሣሪያ ነው። መጽሐፉ ይላል። ድቧ መሞት አልነበረባትም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ድብ የምሆነው እኔ ነኝ እኮ ጋሼ። ያንን ገጽ እኔ ሳላነብ ማን ሊያነበው ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ጭራሽ ጠበቃዬ ሆነሽ አረፍሽው!»

ሚጡ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ትናንት ልሄድ ነው ስልህ ‹ጥሩ ነው› ብለህ ወደ ስፌትህ ዞርክ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ አይሆንም ስትለኝ ገባኝ። ተኳርፈን ከምንለያይ ንዴቱ በድቧ ይውጣለት አልኩ።»

እሱ በቂም የገደላትን ድብ እሷ አውቃ፣ ዓይኗ እያየ ሰጥታዋለች ማለት ነው።

«ወጣልህ ታዲያ?» አለችው። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

አዎ ሊላት ፈለገ፣ ቅልል ብሏት እንድትሄድ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፣ በሩም ተከፈተ።

«አልወጣልኝም» አለ። «እህቴ፣ አትሂጂብኝ ማለት ነበር የፈለግኩት።»

ሚጡ ሸሚዙ ላይ የተጣበቀውን ክር አነሳችለትና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ከዚያ ለቀቀችውና ተሳፈረች።